ጥፋቱ ሌላ፣ ክሱ ሌላ፤ ገለልተኛው አሜሪካዊ መራጭና የማንሃተኑ ችሎት

በዩናይትድ ስቴትስ ፖለቲካ ገለልተኛ መራጭ የሚባለው ራሱን የዴሞክራትም ሆነ የሪፐብሊካን ፓርቲ ሰው አድርጎ የማይቆጥር ዜጋ ነው። የሕዝብ አስተያየት በመሰብሰብ የሚታወቀው ጋሉፕ በ2023 ባካሄዳቸው ጥናቶች (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከመቶ 43 የሚሆኑት አሜሪካውያን ገለልተኛ ነን ሲሉ፣ የሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ድርሻ እያንዳንዱ ከመቶ 27 ብቻ ነበር። ከእነዚህ ገለልተኞች አብዛኞቹ አጥብቆ ለጠየቃቸው ወደ አንዱ ፓርቲ ዘንበል ማለታቸውን ስለሚናገሩ፣ ከሁለቱም እኩል የራቀው ሰው ቁጥር ከዚህ በእጅጉ ያንሳል። ገለልተኝነቱም በየግዛቱ የተለያየ መልክ አለው። በኒው ዮርክ መራጩ ሲመዘገብ ፓርቲውን እንዲያመለክት ስለሚጠየቅ፣ ቦታውን ባዶ የተወ ሰው ፓርቲዎቹ ዕጩዎቻቸውን በሚለዩበት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ድምፅ መስጠት አይችልም። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቨርጂኒያ ግን መራጭ በፓርቲ የሚመዘገብበት ሥርዓት ጭራሹን ስለሌለ፣ አሌክሳንድሪያ ተቀምጦ ድምፁን የሚሰጥ ሐበሻ በመራጮች መዝገብ ላይ ከስሙ አጠገብ የፓርቲ ስም አይጻፍበትም።

ይህ መራጭ በምርጫ ሰሞን ሁሉም የሚለማመጠው ቢሆንም፣ አገር የሚከፍል የፍርድ ጉዳይ ሲነሳ ግን ሐሳቡን አደላድሎ የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣል። በ2024 ጸደይ በኒው ዮርክ ከተማ፣ በማንሃተን፣ በቀድሞው ፕሬዚዳንት በዶናልድ ትራምፕ ላይ የተካሄደው የወንጀል ችሎት ለዚህ ዋነኛው ምሳሌ ነው። አንደኛው ወገን ችሎቱ ከሕግ በላይ ማንም እንደሌለ ያረጋገጠ ነው ሲል፣ ሌላው ወገን ፖለቲካዊ ቂም የሕግ ካባ ለብሶ የመጣበት ነው አለ፤ ሁለቱም የሚያነሱት ጥያቄ ግን አንድ ብቻ ነበር፣ እርሱም ሰውዬው ይፈረድባቸው ወይስ ነፃ ይውጡ የሚል። ገለልተኛው መራጭ ሦስት ጥያቄ ነበረው፤ ድርጊቱ በእርግጥ ተፈጽሟል ወይ? ሕጉ ለእንዲህ ዓይነቱ ድርጊት የወጣ ነው ወይ? ሌላ ሰው ያንኑ ቢያደርግ ኖሮ ይከሰስ ነበር ወይ? ለአንደኛው አዎ ያለ ሰው ለሦስተኛው አይመስለኝም ሊል ይችላል፤ ስለዚህም ስሜቱ የተደበላለቀው በወላዋይነት ሳይሆን ሌሎቹ አንድ ላይ የጠቀለሉትን ነገር እርሱ ለያይቶ በማየቱ ነው።

የክሱ ፍሬ ነገር ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው። ትራምፕ የተከሰሱት ለአንዲት ሴት ገንዘብ እንዲከፈል በማድረጋቸው አይደለም፤ ለአፍ ማዘጊያ ገንዘብ መክፈል በራሱ ወንጀል አይሆንም። የተከሰሱት ያ ገንዘብ ለከፈለው ሰው ሲመለስ በንግድ መዝገብ ላይ ሐሰት እንዲሰፍር አድርገዋል ተብለው ነው። የ2016ቱ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ሲቀር፣ የትራምፕ የግል ጠበቃ የነበሩት ማይክል ኮኸን ለወሲብ ፊልም ተዋናይዋ ለስቶርሚ ዳንኤልስ 130,000 ዶላር ከፈሉ፤ ተዋናይዋም ከዓመታት በፊት ከትራምፕ ጋር ነበረኝ ያሉትን ግንኙነት ለማንም እንዳይናገሩ የሚያስር ውል ፈረሙ። ትራምፕ ግንኙነቱ ፈጽሞ አልነበረም ይላሉ።

ለችሎቱ ከቀረቡት ማስረጃዎች መካከል ክፍያው የተላለፈበት የኮኸን የባንክ ሰነድ ይገኝበታል፤ በወረቀቱ ላይ የትራምፕ ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊ የነበሩት አለን ዋይሰልበርግ በእጃቸው የጻፏቸው ቁጥሮች ይነበባሉ። ስሌቱ ሲዘረዘር እንዲህ ነው። በ130,000 ላይ ለሌላ ሥራ ወጥቷል የተባለ 50,000 ተደምሮ 180,000 ይሆናል፤ ኮኸን ገንዘቡን እንደ ገቢ አስመዝግበው ግብር ሲከፍሉበት እንዳይጎድልባቸው ድምሩ በሁለት ተባዝቶ 360,000 ይደርሳል፤ 60,000 ጉርሻ ሲታከልበት 420,000 ይሞላና ለ12 ወር ሲካፈል በየወሩ 35,000 ዶላር ይወጣዋል። ኮኸን በ2017 ይህንኑ ገንዘብ የጥብቅና አገልግሎት ዋጋ በማስመሰል ሒሳብ እየጠየቁ ተቀበሉ፤ በሒሳብ መዝገቡም የሕግ ወጪ ተብሎ ተያዘ። ክሶቹ 34 የሆኑትም 34 ዓይነት ወንጀል ስለተፈጸመ ሳይሆን 11 የክፍያ መጠየቂያዎች፣ 12 የሒሳብ ምዝገባዎችና 11 ቼኮች እያንዳንዳቸው እንደ አንድ ክስ ስለተቆጠሩ ነው። ከቼኮቹ ዘጠኙን ትራምፕ ፕሬዚዳንት ሆነው በገዛ እጃቸው ፈርመውባቸዋል። የጥብቅና ክፍያ ለግብር ማካካሻ ተብሎ በሁለት የሚባዛበት ምክንያት ስለሌለ፣ ይህን ወረቀት ልብ ብሎ ያየ ሰው መዝገቡ እውነት ይናገራል ለማለት ይቸገራል።

በኒው ዮርክ የወንጀል ሕግ የንግድ መዝገብን በሐሰት ማዘጋጀት በራሱ ቀላል ወንጀል ነው። ከባድ ወንጀል የሚሆነው አድራጊው ሌላ ወንጀል ለመፈጸም ወይም የተፈጸመ ወንጀል ለመሸፈን አስቦ ሲያደርገው ሲሆን፣ ያን ጊዜም ቢሆን ከከባድ ወንጀሎች ዝቅተኛው እርከን ላይ ይመደባል፤ ከፍተኛ ቅጣቱም አራት ዓመት እስራት ነው። ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ሌላው ወንጀል ከግዛቲቱ የምርጫ ሕግ የተወሰደና እምብዛም ሥራ ላይ ውሎ የማያውቅ ድንጋጌ ነበር፤ ድንጋጌው ሰዎች ተመሳጥረው በሕገ ወጥ መንገድ አንድ ዕጩ እንዲመረጥ ወይም እንዳይመረጥ ማድረግን ይከለክላል። ሕገ ወጥ መንገዱ ምን እንደነበር ለማሳየት ደግሞ ሦስት አማራጮች ቀረቡ፤ እነርሱም የፌደራሉን የምርጫ መዋጮ ሕግ መጣስ፣ ሌሎች የንግድ መዝገቦችን በሐሰት ማዘጋጀትና የግብር ሕግን መተላለፍ ናቸው። ዳኛው ሁዋን መርቻን፣ ፍርድ የሚሰጡት ሰዎች የተከሳሹን በሕገ ወጥ መንገድ መመሳጠር በአንድ ድምፅ ማመን እንዳለባቸው፣ ነገር ግን ከሦስቱ መንገዶች በየትኛው እንደሆነ መስማማት እንደማይጠበቅባቸው አስረዱ። የንግድ ሕጉ በምርጫ ሕጉ ላይ፣ የምርጫ ሕጉም በሌሎች ሕጎች ላይ ተደግፎ የቆመ ክስ ነበር ማለት ነው። የሕግ ባለሙያዎች ይህን ዓይነት አሠራር ያውቁታል፤ ተራው ዜጋ ግን ጥፋቱ ምን እንደነበር በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግረው ሰው ሲያጣ ይጠራጠራል፣ ጥርጣሬውም አላዋቂነት ሊባል አይገባም። የወንጀል ሕግ ዋና ተግባሩ ሰው አስቀድሞ የተከለከለውን እንዲያውቅ ማድረግ ነውና።

ፍርዱን የሰጡት ሰዎች ግን ይህን መራጭ በሌላ በኩል ያረጋጉታል። በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ፍሬ ነገሩንም ሕጉንም የሚወስኑት ዳኞች ስለሆኑ ጁሪ የሚባለው ሥርዓት ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ጁሪ ከአካባቢው ነዋሪ መካከል በዕጣ ተጠርተው፣ ዳኛውና የሁለቱ ወገን ጠበቆች ከመረመሯቸው በኋላ የሚቀመጡ ተራ ዜጎች ስብስብ ነው፤ ዳኛው ሕጉን ያስረዳቸዋል፣ እነርሱም ተከሳሹ አድርጎታል ወይስ አላደረገውም የሚለውን በአንድ ድምፅ ይወስናሉ። የጁሪው ምርጫ ኤፕሪል 15 ቀን 2024 ሲጀመር መጀመሪያ ከተጠሩት 96 ሰዎች ከግማሽ በላይ የሆኑት በእኚህ ሰው ጉዳይ ያለ አድልዎ መፍረድ አንችልም ብለው ተሰናበቱ። ይህ ቁጥር የአገሪቱን መከፋፈል ያሳያል ተብሎ ብዙ ተወርቶለታል፤ ሆኖም ወገንተኝነቱን አምኖ ወንበሩን የለቀቀ ሰው ደብቆ ከተቀመጠው እጅግ የተሻለ ለፍርድ የቆመ ነው። የተመረጡት 12 ሰዎች ስማቸው ለሕዝብ ሳይገለጽ 22 ምስክሮችን ሰሙ፤ ሜይ 29 ቀን ለምክክር ከገቡ በኋላም ዝም ብለው እጅ አላወጡም። የጋዜጣ አሳታሚው የዴቪድ ፔከር የምስክርነት ቃል ተለይቶ እንዲነበብላቸው ጠየቁ፤ ዳኛው የሰጡት የሕግ ማብራሪያ በጽሑፍ ስላልተሰጣቸው በማግስቱ ከዋናው ክፍል እንዲደገምላቸው አደረጉ፣ በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላም በ34ቱም ክሶች ጥፋተኛ ነው አሉ። ፍርዱን በኪሳቸው ይዘው የመጡ ሰዎች እንዲህ አይደክሙም።

የፔከርን ቃል መጠየቃቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ፔከር በወሬ ጋዜጣነቱ የሚታወቀው ናሽናል ኢንኳየረር አሳታሚ የነበሩ ሲሆኑ፣ በ2015 በትራምፕ ሕንፃ በተደረገ ስብሰባ ለዕጩው መጥፎ የሆኑ ታሪኮችን እያደኑ ለማስጠንቀቅ ቃል መግባታቸውን፣ በኋላም ታሪክ ገዝቶ ሳያትሙ መቅበር በተባለው ዘዴ ገንዘብ መክፈላቸውን ለትራምፕ ክፉ ስሜት ሳያሳዩ መሰከሩ። ኮኸን ግን ሌላ ዓይነት ምስክር ነበሩ። በ2018 በፌደራል ፍርድ ቤት በምርጫ መዋጮና በግብር ወንጀሎች ጥፋተኝነታቸውን አምነው ሦስት ዓመት ተፈርዶባቸዋል፣ ለምክር ቤት መዋሸታቸውንም አምነዋል፤ በመስቀለኛ ጥያቄ ደግሞ ከላይ ከተጠቀሰው 50,000 ዶላር ለባለ ሥራው የሰጡት 20,000 ያህሉን ብቻ እንደነበረና የቀረውን ለራሳቸው ማስቀረታቸውን ሲጠየቁ፣ የቀድሞ አለቃቸውን ድርጅት መስረቃቸውን ተቀበሉ። ሰነዶቹ ያለ እርሳቸው የሚቆሙ ቢሆኑም፣ ትራምፕ ራሳቸው ምን አስበው ነበር ለሚለው ጥያቄ ከኮኸን ቃል የቀረበ ማስረጃ አልነበረም። ጁሪው ምስክሩን ከሰነዱ ጋር አስተያይቶ አመነ፤ ማመኑም ምክንያታዊ ነበር፣ ገለልተኛው መራጭ አንደኛውን ጥያቄ እዚህ ላይ ይዘጋዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ግን እንዲህ በቀላሉ አይዘጋም። ኮኸን በ2018 ጥፋታቸውን ሲያምኑ ክፍያውን የፈጸሙት በዕጩው መመሪያ መሆኑን ለፍርድ ቤት ተናግረው ነበር፤ የፌደራሉ ዐቃብያነ ሕግ ግን ትራምፕ ሥልጣን ከለቀቁም በኋላ አልከሰሷቸውም። የፌደራል ምርጫ ኮሚሽን ጉዳዩን በ2021 የዘጋው አባላቱ ሁለት ለሁለት ተከፍለው ነው። የማንሃተን የቀድሞው ዋና ዐቃቤ ሕግ ሳይረስ ቫንስም በዚህ ጉዳይ ክስ ሳይመሠርቱ በ2021 መጨረሻ ከሥራ ተሰናበቱ። ተተኪያቸው አልቪን ብራግ ክሱን በማርች 2023 በመሠረቱበት ጊዜ ድርጊቱ ከአምስት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ቀላሉን ወንጀል ብቻ ቢከሱ የሁለት ዓመቱ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ያልፍባቸዋል፤ የከባዱ ወንጀል ይርጋም አምስት ዓመት ስለሆነ ክሱ የተረፈው በኮቪድ ወቅት የወጡ የገዥው ትዕዛዞች ጊዜውን ስላራዘሙት ነው። ክሱን ወደ ከባድ ወንጀል ከፍ ማድረጉ ስለዚህ ለመክሰስ የሚያስችል ብቸኛ በርም ነበር፤ ይህን የተረዳ ሰው ሕጉ ድርጊቱን ተከትሎ መጣ ወይስ ሰውዬውን ተከትሎ ተፈለገ ብሎ ቢጠይቅ የትራምፕ ደጋፊ አያሰኘውም።

ቀደም ካሉት ጉዳዮች ሁለቱ ጥያቄውን ያጠናክሩታል። በ2008 ለዴሞክራቶች ዕጩነት የተወዳደሩት ጆን ኤድዋርድስ የውሽማቸውን ነገር ለመደበቅ ከደጋፊዎቻቸው በተገኘ ወደ አንድ ሚሊዮን በሚጠጋ ዶላር ምክንያት በ2012 ፌደራል ፍርድ ቤት ቀርበው በአንዱ ክስ ነፃ ሲወጡ፣ በሌሎቹ አምስቱ ላይ ጁሪው መስማማት ስላቃተው ዐቃቤ ሕግ ጉዳዩን ተወው። በ2022 ደግሞ የሂላሪ ክሊንተን የ2016 የምርጫ ዘመቻና የዴሞክራቶች ብሔራዊ ኮሚቴ፣ ስለ ትራምፕ ለተደረገ ምርምር የከፈሉትን ገንዘብ የሕግ አገልግሎት ብለው በማስመዝገባቸው 8,000 እና 105,000 ዶላር እንዲከፍሉ ተስማምተው ጉዳዩ በአስተዳደራዊ ቅጣት አለቀ። ጉዳዮቹ በሕግ አንድ አይደሉም፤ በአንዱ ያለው ወንጀል በሌላው የለም፣ ክሊንተን በገዛ እጃቸው የፈረሙት ቼክም አልተገኘም። ሆኖም በአንዱ መቀጮ የበቃበትን የተሳሳተ ስያሜ በሌላው እስር የሚያስከትል ወንጀል ሆኖ ያየ ሰው፣ ልዩነቱን በትዕግሥት የሚያስረዳው እንጂ የሚቆጣው አያስፈልገውም ነበር።

የጥርጣሬው ሥር ከዚህም ጠለቅ ይላል፤ በኒው ዮርክ የአውራጃ ዋና ዐቃቤ ሕግ በፓርቲ ዕጩነት ተወዳድሮ ለአራት ዓመት በሕዝብ ድምፅ የሚመረጥ ሹም ነው። ብራግ በ2021 ሲወዳደሩ ቀድሞ በሠሩበት በግዛቲቱ የፍትሕ መሥሪያ ቤት የትራምፕን አስተዳደር ከመቶ ጊዜ በላይ መክሰሳቸውን ለመራጩ ይነግሩ ነበር፤ መራጩም በ2020 ከመቶ 86 ገደማ ለጆ ባይደን ድምፅ የሰጠው የማንሃተን ሕዝብ ነው። ዳኛው መርቻን ደግሞ በዚያው በ2020 ለዴሞክራቶች በድምሩ 35 ዶላር አዋጥተው ነበር፤ ስለ ዳኞች ሥነ ምግባር የሚያማክረው የግዛቲቱ ኮሚቴ ችሎቱን ለመልቀቅ የሚያበቃ ነገር የለም ቢልም፣ ገንዘቡ ከትንሽነቱ ይልቅ መኖሩ መነጋገሪያ አደረገው። ዳኛው ችሎቱን በጥንቃቄ መምራታቸውን ብዙዎች መስክረዋል፤ የሰነዶቹም ክብደት በማንም ፓርቲ አይለወጥም። ነገር ግን ዐቃቤ ሕግን በፓርቲ ስም የሚያስመርጥ አገር በፖለቲከኛ ላይ ክስ ሲመሠርት ሕዝቡ ፓርቲውን እንዲረሳ መጠየቁ ፍትሐዊ አይደለም፤ ይህ የአንድ ሰው ጥፋት ሳይሆን የሥርዓቱ ጉድለት ነው፣ ሪፐብሊካን ዐቃብያነ ሕግ ዴሞክራቶችን ሲከሱም በዚያው መጠን ይሠራል።

አበው «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚሉት ሰው ከንብረቱ ብዛት ይልቅ የተወሰደበት መንገድ እንደሚቆጨው ለማሳየት ነው። ገለልተኛው መራጭ የተሟገተው ለዚህ መንገድ ነበር። የትራምፕ ተቃዋሚዎች ውጤቱ ካማረ መንገዱን ማንሳት ምን ይረባል ይሉታል፤ ደጋፊዎቻቸው ደግሞ መንገዱ ከጎደለ ውጤቱ ሐሰት ነው ይሉታል። እርሱ ግን በጁሪው ፍርድ የማመንና ክሱ ባይመሠረት ይሻል ነበር ብሎ የማሰብ መብት አለው፤ ሁለቱ አይጣሉም፣ አንደኛው ስለ 12 ዜጎች ሥራ፣ ሌላው ስለ አንድ ተመራጭ ሹም ምርጫ የሚነገር ነውና።

ይህ መራጭ ከሁሉ ይልቅ የሚያዝንበት ነገር ግን ሌላ ነው። በ2023 በትራምፕ ላይ ከተመሠረቱት አራት የወንጀል ክሶች ፍርድ ላይ የደረሰው ቀላሉ ነው። ምስጢራዊ የመንግሥት ሰነዶችን ይዘው ቆይተዋል የተባሉበት የፍሎሪዳው ክስ በጁላይ 2024 በዳኛ አይሊን ካነን ተዘጋ፤ የ2020ን ምርጫ ውጤት ለመቀልበስ ሞክረዋል የተባሉበት የዋሽንግተኑ ክስ በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት አይከሰስም በሚለው የፍትሕ ሚኒስቴር መርሕ ምክንያት ከምርጫው በኋላ ተነሣ፤ የጆርጂያው ክስም ዐቃቤ ሕጓ ከጉዳዩ እንዲወጡ ከተደረገ በኋላ ለችሎት ሳይበቃ ቀረ። በሪፐብሊኩ ሕልውና ላይ የተነሣው ጥያቄ ማስረጃው በግልጽ ችሎት ሳይሰማ ሲቀር፣ አገሪቱ ሳምንታት ሙሉ የሰማችው ስለ ቼክና ስለ ተዋናይት ሆነ፤ ተከሳሹ ነፃ ናቸው የሚለውም ሆነ ጥፋተኛ ናቸው የሚለው መራጭ በዋናው ጉዳይ ዳኝነት ተነፍጓል። በሌላው ወገንም ያየው አላጽናናውም። ከማንሃተኑ ፍርድ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የፕሬዚዳንት ባይደን ልጅ ሀንተር ባይደን በዴላዌር በጦር መሣሪያ ግዢ ጉዳይ በሦስት ክሶች ጥፋተኛ ሲባሉ፣ ሕግ ለሁሉም እኩል ነው ያሉ ብዙ ገለልተኞች ነበሩ፤ አባታቸው ምሕረት አላደርግም ሲሉ ቆይተው ዲሴምበር 1 ቀን ምሕረት ሲያደርጉላቸው ያ እምነት ተሸረሸረ።

ፍርዱ በፖለቲካው ላይ ያመጣው ውጤት ማንም እንደጠበቀው አልሆነም። የትራምፕ ዘመቻ ከፍርዱ በኋላ ባለው አንድ ቀን ብቻ በኢንተርኔት 52.8 ሚሊዮን ዶላር መሰብሰቡን አስታወቀ። የቅጣት ውሳኔው በተደጋጋሚ ሲተላለፍ ቆይቶ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ አላስቆምም ካለ በኋላ፣ ዳኛ መርቻን ጃንዋሪ 10 ቀን 2025 ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ አሰናበቷቸው፤ ይህም ጥፋተኝነቱ በመዝገብ ጸንቶ እስራትም መቀጮም የአመክሮ ክትትልም የማይኖርበት ውሳኔ ነው። ዐሥር ቀን ቆይተው ትራምፕ ለሁለተኛ ጊዜ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። መራጮች ድምፅ ሰጥተው ሲወጡ በተጠየቁት መሠረት ገለልተኞች በ2020 ከመቶ 54 ለባይደን፣ 41 ለትራምፕ ሰጥተው ነበር፤ በ2024 ግን 49 ለካማላ ሀሪስ፣ 46 ለትራምፕ ሆነ። በዚያ ዓመት የኑሮ ውድነቱና የድንበሩ ጉዳይ የመራጩን ልብ ይዘውት ስለነበር ለውጡን ችሎቱ አመጣው ማለት አይቻልም፤ ፍርዱ ገለልተኞችን ከትራምፕ አርቋል ማለት ግን ይበልጥ አይቻልም።

ትራምፕ ፍርዱ እንዲሻር በ2025 ለግዛቲቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ማመልከቻ አቅርበዋል፤ ጉዳዩ ወደ ፌደራል ፍርድ ቤት እንዲዛወርላቸውም ሲከራከሩ ቆይተዋል። ጠበቆቻቸው ከሚያነሷቸው ነጥቦች መካከል ግዛት የፌደራልን የምርጫ ሕግ መነሻ አድርጎ መክሰስ ይችላል ወይ የሚለውና በሕገ ወጥ መንገዱ ዓይነት ላይ ጁሪው እንዲስማማ አለመጠየቁ ይገኙባቸዋል። ሁለቱም ነጥቦች ድርጊቱ ተፈጽሟል ወይ የሚለውን አይነኩም፤ የሚመለከቱት ገለልተኛው መራጭ ከመጀመሪያው ጀምሮ ለብቻው ሲጠይቅ የነበረውን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው።